በጥንቱ ዓለም ስለነበሩ አይሁዳውያን ሴቶች፦ ጥያቄና መልስ

መምህርት፦ እንደምን ዋላችሁ። ለብዙ ዓመታት ያጠናሁት በፓፒረስ የተጻፉ ውሎችንና አቤቱታዎችን፣ በተለይም አይሁዳውያን ሴቶች የተዋዋሉባቸውን ስለሆነ፣ በዚህ በኩል የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጽፋለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው፣ የሕግ መምህራን «ሴት እንዲህ ታድርግ» ብለው የደነገጉትና ሴቶች በእርግጥ የኖሩት ኑሮ አንድ አለመሆኑን ነው፤ የትኛውን እንደምትጠይቁ ለዩልኝ።

ጥያቄ፦ የጥንት አይሁዳውያን ሴቶች ኑሮ ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ መቼና የት? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በግብፅ፣ በዓባይ ወንዝ ደሴት በኤሌፋንቲን የኖረችውን ሴትና ከ500 ዓመት በላይ ቆይታ በሙት ባሕር ዳር የኖረችውን በአንድ መልስ ማጠቃለል አይቻልም። እባክዎ ጠበብ አድርገው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በመግቢያዎ «አቤቱታ» ብለዋል። ሴት በራሷ ስም ትከስ ነበርን?

መልስ፦ ትከስ ነበር፤ ለዚህም ከባባታ የተሻለ ምስክር የለኝም። በ1961 በይሁዳ ምድረ በዳ፣ ናሐል ሔቨር በሚባለው ሸለቆ ካለ ዋሻ ውስጥ፣ በአርኪዮሎጂስቱ በይጋኤል ያዲን የተመራው ቁፋሮ የእርሷን የቆዳ ከረጢት አገኘ፤ በውስጡም ከ94 እስከ 132 ባሉት ዓመታት በግሪክኛ፣ በአራማይክና በናባጢኛ (ፔትራ ዋና ከተማቸው በነበረችው በናባጣውያን ቋንቋ) የተጻፉ 35 ሰነዶች ነበሩ። ባባታ የስምዖን ልጅ ናት፤ የኖረችው ከሙት ባሕር በስተ ደቡብ፣ ማኦዛ በምትባል የተምር አገር ነው። የመጀመሪያ ባሏ ሲሞት ኢያሱ የሚባል ሕፃን ቀረላት። እናቱ በሕይወት ብትኖርም ልጁ በሰነዶቹ ላይ ድሀ አደግ ይባላል፤ የፔትራ ከተማ ምክር ቤትም አንድ አይሁዳዊና አንድ ናባጣዊ ሞግዚት ሾመለት። ሞግዚቶቹ ለልጁ ቀለብ በወር ሁለት ዲናር ብቻ ይሰጡ ስለነበር፣ ባባታ ይህ ከልጁ ሀብት ጋር አይመጣጠንም ብላ በሮማዊው አገረ ገዥ ፊት ተሟገተች። ከዚያም አልፋ በ125 የልጁ ገንዘብ ለእርሷ ቢሰጣት፣ የራሷን ንብረት መያዣ አድርጋ፣ ሞግዚቶቹ ከመቶ ዲናር የሚሰጡትን ግማሽ ዲናር ወደ አንድ ተኩል እንደምታሳድገው በጽሑፍ አቀረበች፤ ይህም ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። በ132 በስሟ የተጻፈው ደረሰኝ ግን የሦስት ወር ቀለብ ስድስት ዲናር መቀበሏን ይናገራል። ከሰባት ዓመት በኋላም ያው ሁለት ዲናር ነበር ማለት ነው። ይህን ደረሰኝ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ጥያቄ፦ ዳግመኛ አላገባችም?

መልስ፦ የዓይን ጋዲ ሰው የሆነውን ይሁዳን አግብታለች፤ እርሱ ግን ማርያም የምትባል ሚስት ነበረችው። በ128 ባባታ ለይሁዳ 300 ዲናር ሰጠችው፤ ሁለት ወርም ሳይሞላ ይሁዳ ከማርያም የወለዳትን ሴት ልጁን ዳረ። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ስናይ ገንዘቡ ለምን እንደተፈለገ መገመት አያዳግትም። ይሁዳ ሲሞት ባባታ በኪቱባዋ፣ ማለትም በጋብቻ ውሏ፣ የሚገባትንና ያበደረችውን ለማስመለስ የተምር እርሻዎቹን ያዘች፤ ከማርያም ጋር በተካሰሰችበት ሰነድም ሟቹን የሁለታቸውም ባል ብላዋለች። ከአንድ በላይ ማግባት በሕግ ቢፈቀድም ከባለጠጎች በቀር ማንም አያደርገውም ይባል ነበርና፣ ይህ ሰነድ ብዙ ነገር ያናውጣል።

ጥያቄ፦ ሴት ባሏን መፍታት ትችል ነበርን?

መልስ፦ በኤሌፋንቲን ትችል ነበር። ሚብታህያ የተባለችው ሴት በጋብቻ ውሏ እንደተጻፈላት፣ በጉባኤ ቆማ ባሏን እንደጠላች ከተናገረች፣ «የጥላቻ ገንዘብ» ከፍላ ይዛ የመጣችውን ንብረት ይዛ መሄድ ትችላለች። በኋለኛው ዘመን የመምህራን ሕግ ግን ፍቺውን የሚሰጠው ባል ነው። ማሳሰቢያዬን እደግመዋለሁ፦ ሕጉና ውሉ የተለያዩ ምስክሮች ናቸው።

አንድ አባል፦ ኤሌፋንቲን ከተነሣ፣ ቤተ እስራኤል ከዚያ መጡ የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር።

ሌላ አባል፦ እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ናቸው ብለው ወስነዋል፤ ወላጆቼም የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ የራቢው ውሳኔ የሃይማኖት ሕግ ነው እንጂ የታሪክ ማስረጃ አይደለም።

መምህርት፦ ወገኖቼ፣ ክብደቱን ስለማውቅ ጉዳዩን በሁለት መስመር አልመልሰውም። የሚብታህያ ሰነዶች ስለ ኢትዮጵያ የሚናገሩት ነገር የለም። ወደ ሴቶቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሴቶች መፋታት ይችሉ ነበር?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የተጻፈውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ንግሥት ሰሎሜ አሌክሳንድራስ?

መልስ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ76 እስከ 67 የይሁዳን አገር ገዛች። የቤተ መንግሥት ታሪክ ጥናቴ አይደለም።

ጥያቄ፦ በወንጌል ማርያም የሚባሉት ሴቶች ለምን በዙ?

መልስ፦ በዘመኑ በይሁዳና በገሊላ ስማቸው ከታወቀ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ወይ ማርያም ወይ ሰሎሜ ይባሉ ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ በምኩራብ ውስጥ ሴት ሹመት ነበራት?

መልስ፦ በሰምርኔስ፣ ማለትም በዛሬዋ ኢዝሚር፣ ሩፊና የምትባል አይሁዳዊት ነጻ ላወጣቻቸው ባሮችና በቤቷ ላደጉት መቃብር አሠርታ፣ ሌላ ሰው ቢቀበርበት 1,500 ዲናር ለግምጃ ቤት፣ 1,000 ዲናር ለአይሁድ ሕዝብ እንዲከፈል በድንጋይ አስቀርጻለች። በጽሑፉ ላይ የተሰጣት ማዕረግ፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኢያኢሮስና ቀርስጶስ «የምኩራብ አለቃ» የተባሉበት ያው የግሪክ ቃል ነው። የቀደሙት ሊቃውንት ለወንዶቹ ሲሆን ሥራ፣ ለእርሷ ሲሆን የክብር መጠሪያ ነው አሉ። በርናዴት ብሩተን በ1982 ባሳተመችው ጥናት ይህን ልዩነት የሚደግፍ ማስረጃ በጽሑፎቹ ውስጥ እንደሌለ አሳየች፤ እኔም ከእርሷ ጋር እስማማለሁ። በሩፊና ድንጋይ ላይ ባል አልተጠቀሰም፤ ስለዚህ «የአለቃ ሚስት ነበረች» የሚሉ ሁሉ ባሉን ከየት እንዳመጡት ይንገሩኝ።

ጥያቄ፦ ባባታ ማንበብና መጻፍ ትችል ነበርን?

መልስ፦ አትችልም ነበር። በ127 የተምር እርሻዎቿን ለሮማውያን ቆጠራ ስታስመዘግብ ቃሏን የጻፈላት ሌላ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ልታነባቸው የማትችላቸውን ሰነዶች አንድ ላይ አድርጋ ጠብቃ፣ አይሁድ በሮም ላይ በተነሡበት በባር ኮክባ ዓመፅ ጊዜ ወደ ዋሻው ይዛቸው ገብታለች።