ፕሮቲን ወድጄ ባህር ዳር ላይ ምን እሠራለሁ ላልሽኝ

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ነሽ፣ ፕሮቲን ሴል ውስጥ እንዴት ታጥፎ ቅርጹን እንደሚይዝ ስትማሪ ልብሽ እዛው ቀረ፣ ጓደኞችሽ ደሞ "እሱን አልፋፎልድ ጨርሶታል፣ እዚህስ ማን ይቀጥርሻል" ሲሉሽ ዲፓርትመንት ልቀይር እንዴ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አትቀይሪ።

ተጨርሷል የሚሉሽ ልክ አይደሉም። አልፋፎልድ፣ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው የኤአይ ፕሮግራም፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ ለሱ ነው የተሰጠው፣ ግን የሚያሳይሽ ፕሮቲኑ ታጥፎ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ነው። በምን መንገድ እዛ እንደደረሰ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሲሞቅ የቱ ጋ እንደሚፈታ ገና ብዙ ሥራ አለው። አንፊንሰን የሚባል ሳይንቲስት ዩሪያ በሚባል ኬሚካል የፈታው ኤንዛይም ዩሪያው ሲወጣለት ራሱ ተመልሶ እንደሚታጠፍ አሳይቶ በ1972 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወስዷል፣ በተጨናነቀው ሴል ውስጥ ግን ብዙ ፕሮቲን ሻፐሮን የሚባለው አጋዥ ፕሮቲን ካልደገፈው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ደሞ የታጠፈው ካልታጠፈው የሚሻልበት ጉልበት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ኪሎካሎሪ በሞል ቢሆን ነው፣ የጥቂት ሃይድሮጅን ቦንድ ያህል፣ ስለዚህ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ተቀይሮ ሊፈርስ ይችላል።

ይሄ ደሞ ከኛ ሩቅ አይደለም። ጣና ዳር ያደገ ሰው ወባን ያውቃል። ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጂ6ፒዲ የሚባለው ኤንዛይም ካነሰው ቀይ የደም ሴሉ ሊፈርስበት ይችላል፣ እና ከዚህ ኤንዛይም ሚውቴሽኖች ብዙዎቹ የሚጎዱት ፕሮቲኑ ቅርጹን ይዞ እንዳይጸና አድርገው ነው፣ ቀይ የደም ሴል ደሞ ኒውክሊየስም ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞምም ስለሌለው የተበላሸበትን አይተካም፣ 120 ቀን ገደማ በያዘው ነው የሚኖረው። ብዙዎቹ ክትባቶችና ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጡትም በዚሁ በመጽናት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፣ መታጠፉን ውደጂው፣ እጅሽን ግን መጽናቱን መለካት ላይ አሠልጥኚው፣ ቀጣሪ የሚገባው እሱ ነው። ለሲኒየር ፕሮጀክት ከገበያ የገብስ ብቅል ግዢ፣ ፈጭተሽ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊና አጥልዪው፣ ውኃው ውስጥ አማይሌዝ፣ ስታርች የሚቆርጠው ኤንዛይም፣ አለልሽ። ከፋፍለሽ አንዱን 40፣ አንዱን 50፣ እንዲህ እያልሽ እስከ 80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቂና አቀዝቅዢ፣ ከዛ ስታርች ላይ ጨምሪና በየደቂቃው ጠብታ እየወሰድሽ በአዮዲን እዪው፣ አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊው ቶሎ የጠፋበት ኤንዛይሙ ደህና ነው። ካልሲየም አልፋ አማይሌዝን ስለሚያጸናው ትንሽ ካልሲየም ክሎራይድ ጨምረሽም ድገሚው። ብቅሉ ውስጥ አልፋም ቤታም አማይሌዝ ስላለ፣ ቤታ አማይሌዝ ሙቀት ላይ ቀድሞ እንደሚሸነፍ አስቢበት፣ ግራፍሽ ቀጥ ያለ ላይሆን ይችላል፣ አትደንግጪ፣ አድቫይዘርሽም የሚጠይቅሽ እዛ ጋ ነው። ግራፉን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሥሪው፣ ላፕቶፕ ከሌለሽ የካምፓሱ ኮምፒውተር ይበቃል።

የሆስፒታል ላብ ግን በባዮሎጂ ዲግሪ ብቻ አይገባም፣ የሜዲካል ላብራቶሪ ላይሰንስ ይጠይቃል፣ እሱን አትጠብቂ። ያንቺ በር የቢራና የምግብ ፋብሪካ ኳሊቲ ላብ ነው፣ ወይ ደሞ ማስተርስ በባዮቴክኖሎጂ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ኢንስቲትዩቱ አለው። ብቅሉን ሞክሪና ዳታውን ላኪልኝ፣ ሲቪሽ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ አብረን እናየዋለን።