«ሰው የለኝም»፦ የዐቢይ ጾም ጥያቄና መልስ

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ የነበረው፣ ከታመመ 38 ዓመት የሆነው ሰው ታሪክ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ይነበባል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው አዎ አላለም፤ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ይህ ቃል በተነበበ ቁጥር በዙሪያው ለበዓል የሚወጣውና የሚወርደው ሕዝብ ይታየኛል። ያ ሁሉ ሰው እያለ ሰው የለውም።

በጾሙ መካከል ሁልጊዜ ደብዳቤ ይበዛልኛል። ዘንድሮ ከደረሱኝ ስድስቱን እዚህ አቅርቤያለሁ። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

«በሪያድ በሰው ቤት ስሠራ አራት ዓመት ሆነኝ። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ከቤትም አልወጣም። አራቱንም ዓመት አልቆረብኩም። የሚሰጠኝ ምግብ ሥጋ የነካው ነው። አንዳንድ ቀን እጾማለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሥራው ያደክመኝና እበላለሁ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሳለቅስ አድራለሁ። እኔ ከክርስቲያን እቆጠራለሁ?»

እህቴ፣ ትቆጠሪያለሽ። ጥምቀትሽ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አልቀረም።

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ያለችውን ታናሽ ብላቴና አስቢያት። ከእስራኤል ምድር ተማርካ በሶርያዊው የጦር አለቃ በንዕማን ቤት ሚስቱን ታገለግል ነበር። መጽሐፉ ስሟን እንኳ አልጻፈልንም። በዚያ ቤት ቤተ መቅደስ አልነበራትም፤ ካህንም አልነበራትም። ጌታዋ በለምጽ ሲሠቃይ አይታ ግን በሰማርያ ነቢይ እንዳለ ለእመቤቷ ተናገረች፤ የንዕማን መዳን ከእርሷ ቃል ጀመረ። ይህን ታሪክ ሳነብ የዛሬዎቹ የዓረብ አገር ልጆቻችን ፊት ይመጣብኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። አንቺ መጽሐፍ ዘርግተሽ ልትቆሚባቸው አትችዪም። ነገር ግን ስትነሺ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ የልጆቹን ቁርስ ስታቀርቢ አንድ፣ ዕቃ ስታጥቢ አንድ፣ ልብስ ስትተኩሺ አንድ እያልሽ ብትሄጂ ሳታውቂው ሰባቱ ይሞላሉ። ልብስ መተኮስ ብቻውን ረጅም ሰዓት ነው፤ እጅ ይሠራል፣ ልብ ነፃ ነው። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ እናቶቻችን።

ስለ ምግቡ፣ ሥጋ ያልነካው ሩዝ ወይም ዳቦና ቴምር ስታገኚ ጹሚበት። ስታጪ ወይም ስትታመሚ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪያቸው፤ ከሌሉሽም ከአገር ቤት እናትሽ ወይም እህትሽ ከአንድ አባት ጋር ያገናኙሽ። ሁኔታሽን ሰምተው የሚሉሽን ያዢ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ልጇ ጾሙን ታቀልላለች። ሌሊቱን ሙሉ ራስሽን ስትረግሚ እንድታድሪ ግን ማንም አላዘዘሽም። ስለ ቁርባኑም አባትሽን አማክሪያቸው፤ ወደ አገርሽ ስትመለሺ በምን እንደምትጀምሪ ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር። ቢመቱሽ ወይም ደመወዝሽን ቢከለክሉሽ ዝም ብሎ መቀበል የክርስትና ግዴታ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ መሆኑን ተናግሮ መብቱን ጠይቋል (የሐዋርያት ሥራ 22)። የኤምባሲውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፈሽ ልብስሽ ውስጥ ያዢ፤ ስልክሽ ቢወሰድብሽ ወረቀቱ ይቀራል።

«ውዳሴ ማርያምን በስልክ ማንበብ ነውር ነው?»

ነውር አይደለም። ቃሉ በብራና ተጽፏል፣ በወረቀት ታትሟል፤ አሁን ደግሞ በመስታወት ላይ ይነበባል። ችግሩ በመካከል የሚገባው መልእክት ነው። የሰኞውን ጀምረህ ግማሹ ላይ ስትደርስ የሰው ሠርግ ፎቶግራፍ ስታይ ራስህን ታገኘዋለህ። ኢንተርኔቱን አጥፍተህ አንብብ። ትንሿን የኪስ መጽሐፍ ብትገዛ ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል፤ በየቀኑ የምትገለጥ መጽሐፍ ጠርዟ ሲጠቁር የሚታይባትን መልክ ስልክ አይሰጥህም።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የመስክ ሥራው ሦስት ቀን ይፈጅና ሁላችንም የአምስት ቀን አበል እንፈርማለን። አልፈርምም ብል ጓደኞቼን ማጋለጤ ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም። ኃጢአት ነው ወይስ የኑሮ ዘዴ?»

ወንድሜ፣ ኃጢአት ነው። ባልዋልክበት ቀን ውያለሁ ብለህ ስትፈርም መስረቅና በሐሰት መመስከር በአንድ ብዕር ይፈጸማሉ። ይህን የምልህ የቤት ኪራዩና የጤፉ ዋጋ የት እንደደረሰ ሳላውቅ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። ብሩ በሳምንቱ አለቀ፤ ምን እንደገዛሁበት እንኳ አላስታውስም። ፊርማዬን ግን አስታውሰዋለሁ፤ ከወትሮው አሳጥሬ፣ ፈጠን ብዬ ነበር የፈረምኩት።

ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሃ ኑ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹንም በደመወዛቸው እንዲረኩ ነገራቸው (ሉቃስ 3፥12-14)። በተቀመጥክበት ወንበር ላይ መታመን ነው የተጠየቅከው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ቅጹን ስትሞላ የሄድክበትንና የተመለስክበትን ትክክለኛ ቀን ጻፍ። ስብከት አትጀምር፤ ማንንም አትገሥጽ። አለቃህ ቢጠይቅህ «እኔ የቆየሁት ሦስት ቀን ነው» በል። ይህ ስለ ራስህ የተናገርከው ነው፤ የማንንም ስም አላነሳህም። ግን ሐቁን አልደብቅህም፤ አምስት ቀን ከሞሉት ቅጾች መካከል ሦስት ቀን የሞላ አንድ ቅጽ ራሱ ይናገራል። ጓደኞችህ ሊያኮርፉህ፣ ከሚቀጥለው የመስክ ዝርዝር ላይም ስምህ ሊቀር ይችላል። ይህን ዐውቀህ ግባበት። ባለትዳር ከሆንክ ለሚስትህ አስቀድመህ ንገራት፤ ከቤቱ የሁለት ቀን አበል ሲጎድል ምክንያቱን ከሌላ ሰው አትስማው። እስከ ዛሬ የወሰድከውን ደግሞ ለንስሐ አባትህ ተናዘዝና እንዴት እንደምትመልሰው ተማከሩ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳያስገድደው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገብር ኄር፣ የታማኙ አገልጋይ እሑድ፣ ይደርሳል። «በጥቂቱ ታምነሃል» የሚለው ሲነበብ አንተ ጥቂቱ ስንት ብር እንደሆነ ታውቀዋለህ።

«የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የአኩሪ አተር ወተት በየካፌው አለ። ይህን እየበሉ ጾምኩ ይባላል?»

ከእንስሳት የተገኘ ነገር ከሌለበትና ሰዓትሽን ከጠበቅሽ ጾሙን አልሻርሽም። ግን 55 ቀን የምንጾመው ቅቤውን በሌላ ጣፋጭ ለመተካት አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ተከታትለው ነው የተቀመጡት፤ ከጾሙ የተረፈው ወደ ምጽዋቱ እንዲሄድ ይመስለኛል። አንድ ቀን ሽሮሽን በልተሽ የኬኩን ዋጋ በቤተ ክርስቲያኑ በር ከተቀመጡት ለአንዱ ስጪና ማታ ስትጸልዪ ልዩነቱን ራስሽ እዪው።

«በአባታችን ቤት ክፍፍል ከወንድሜ ጋር ተጣልተን ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። ክሱ ገና ፍርድ ቤት ነው። በጸሎተ ሐሙስ መቁረብ እፈልጋለሁ። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ግን እርሱ ነው፤ በደሉን አገር ያውቀዋል።»

በማቴዎስ ወንጌል 5፥23 ጌታ መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ ይላል። ልብ በዪው፤ አንተ በወንድምህ ላይ አንዳች ካለህ አላለም። በዳዩ ማን እንደሆነም አልጠየቀም። መባውን የያዘው ነው ሂድ የተባለው። ቁርባኑን የፈለግሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ መንገዱ ከአንቺ ይጀምራል።

አሁን ደግሞ ከሌላው ወገን አንድ ነገር ልበልሽ፤ በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በዕርቅ ስም ሴት ልጅ ድርሻዋን እንድትተው ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ «ለወንድምሽ ብለሽ» ይባላል፣ ለቅሶ ይለቀሳል፤ መጨረሻ ላይ እርሷ ትፈርማለች። ያ ሰላም አይደለም። ይቅር ማለት ሌላ፣ መብትን መተው ሌላ ነው። ክሱ በሕግ ይቀጥል፤ ዳኛው በቤቱ ላይ ይፍረድ። ሰላምታውን ግን ዳኛ አይፈርድልሽም።

በዚህ ሳምንት ደውዪለት። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አታንሺ። ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ጠይቂው። ስልኩን ካላነሣ ደግመሽ ሞክሪ፤ ቢዘጋብሽ ስድብ አትመልሺ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ወገባቸውን ታጥቀው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ አይተሻል። ጌታ በዚያች ምሽት እግራቸውን ካጠባቸው መካከል ይሁዳም ነበረ። ወንድምሽ እምቢ ቢል እንኳ የሚቀርብሽን ሰው ጉልባን አስይዘሽ ወደ ቤቱ ላኪ፤ ከቻልሽም ራስሽ ይዘሽ ሂጂ። በሩን ባይከፍትልሽ ያደረግሽውን ሁሉ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። መቁረብ አለመቁረብሽን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። እስከ ደጃፉ ድረስ ያለው መንገድ ግን የአንቺ ነው።

«ከደመወዜ አሥራት በየወሩ አወጣለሁ። የቤት ሠራተኛዬ ልጅ እግር ስለሆነች ደመወዟን እንዳታጠፋው ብዬ እኔው ዘንድ አስቀምጥላታለሁ፤ አሁን የስድስት ወር ሆኗል። ከእርሷም ገንዘብ አሥራቱን ቀንሼ ላስገባላት ወይስ ራሷ ስታድግ ትስጥ?»

እናቴ፣ የእርስዎ ደብዳቤና የሪያዷ ልጅ ደብዳቤ በአንድ ቀን ነው የደረሱኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ክፉ አስበው እንዳላደረጉት ከቃልዎ ይታያል። ለልጅቱ አሥራት እንኳ ተጨንቀዋል። ነገር ግን ስለ አሥራቱ ከመመለሴ በፊት ስለ ስድስቱ ወር መናገር አለብኝ።

በዘዳግም 24፥14-15 የድሃ ምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ በዕለቱ እንዲሰጠው ታዝዟል፤ ምክንያቱም ተጽፏል፤ ድሃ ነውና ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ ታደርጋለች። ቅዱስ ያዕቆብም የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል (ያዕቆብ 5፥4)። ገንዘቡ በመልካም ሐሳብ ስለተቀመጠ ባለቤቱ አልተለወጠም። ምናልባት ልጅቱ ለእናቷ የምትልከው ነበር። ምናልባት ጫማ ያስፈልጋት ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አፈረች። እርስዎም አልጠየቋት ይሆናል።

ሌላም ልጠይቅዎ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ገበታው ቀርቦ ይጠብቅዎታል። ያንን ገበታ ያቀረበችው ልጅ በዚህ ጾም ስንት እሑድ አስቀደሰች? እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ እርሷም ትጾማለች፤ የእርሷ ጾም ግን ከምድጃው አጠገብ፣ የወጡን ሽታ እያሸተተች ነው።

እናቴ ቅዳሜ ማታ በራሷ እጅ እንጀራ ስትጋግር ትዝ ይለኛል። በቤታችን የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ ነው። ሁለተኛዋን ነጠላዋን አጥባ፣ አጥፋ ከልጅቱ አልጋ ራስጌ ላይ ታስቀምጥላት ነበር። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ስትናገር አልሰማኋትም። የእናቴን ሃይማኖት ሳስብ ከስግደቷ በፊት ያቺ የታጠፈች ነጠላ ናት የምትታየኝ።

ነገ ጠዋት የስድስቱን ወር ደመወዝ ቆጥረው በእጇ ይስጧት። ስለዘገየም ይቅርታ ይጠይቋት፤ ትደነግጥ ይሆናል፣ ግድ የለም። መቆጠብ ከፈለገች አብረዋት ባንክ ይሂዱ፤ ሒሳቡ በስሟ ይከፈት፣ ደብተሩም በእርሷ ሣጥን ይቀመጥ። በዚህ እሑድ እርስዎ ቤት ይዋሉና እርሷ ታስቀድስ። አሥራቱን ከዚያ በኋላ ራሷ ትወስናለች።