የ1965ቱ ኤምጂቢ ራዲዮ፦ ሆዱን አታስወጣው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። እንግሊዝ አገር የ1965 ኤምጂቢ ክፍት መኪና አለህ። አብሮት የመጣው ራዲዮሞባይል የተባለ የመኪና ራዲዮ መጀመሪያ እንደ ጀልባ ሞተር ፑት ፑት እያለ በቀጭን ድምፅ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንጫጭቶ ዝም አለ። ጋራዡ ደግሞ «ሆዱን አውጥተን ብሉቱዝ ያለው አዲስ ሰርኪት እንክተትበት፣ ፊቱ እንዳለ ይቆያል» አለህ። እኔ የምልህ፦ አታስወጣው። የዘረዘርካቸው ምልክቶች በሙሉ እርጅና የሚያመጣቸው፣ በጥቂት ርካሽ ዕቃ የሚስተካከሉ ናቸው። ቦርዱና የጣቢያ መፈለጊያው አንዴ ከወጡ ግን መልሶ የሚሰበስባቸው ሰው አታገኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ራዲዮውን ከመኪናው ባትሪ ጋር አታገናኘው። ምክንያቱ ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ፣ ነው። ኤምጂቢ በ1962 ከወጣ ጀምሮ እስከ 1967 መጨረሻ ገደማ ሲሠራ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር፤ ወደ ኔጋቲቭ ማሳ የዞረው ዲናሞው በኦልተርኔተር ሲተካ ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ያሉት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ነው 12 ቮልት የሚሰጡት። ችግሩ ግን መኪናው 60 ዓመት ሞልቶታል፤ በመካከል ያለፈ ባለቤት ማሳውን ገልብጦት ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ ኤምጂቢዎች ተገልብጠዋል። ስለዚህ መጽሐፉን ሳይሆን ቴስተሩን እመን። ጥቁሩን ጫፍ ቀለም በሌለው ንጹሕ ቦዲ ላይ፣ ቀዩን ለራዲዮው ኃይል በሚያመጣው ሽቦ ላይ አድርግ። ማይነስ 12 ካነበብክ ፖዘቲቭ ማሳ ነው፤ ፕላስ 12 ከሆነ ተገልብጧል።

አሁን ደግሞ ራዲዮውን ራሱን ጠይቀው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ራዲዮሞባይሎች ከጎን ወይም ከኋላ ተነቅላ ዞራ የምትሰካ የፖላሪቲ መለወጫ አላቸው፤ «ፖዝ» ወይም «ኔግ» የሚል ምልክት ታያለህ። መለወጫ ከሌለው ክዳኑን ከፍተህ ትልቁን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ፕላስና ማይነስ እግር ያለውን፣ ሲሊንደር መሳይ የቻርጅ ማጠራቀሚያ) ተመልከት፦ ፖዘቲቭ እግሩ ከቆርቆሮው ሳጥን ጋር ከተያያዘ ራዲዮው ለፖዘቲቭ ማሳ የተሠራ ነው። መኪናውና ራዲዮው ካልተስማሙ ለአንድ አፍታ ማብራት እንኳ ካፓሲተሮቹን ያሞቃል፣ ትራንዚስተሮቹንም ሊያቃጥል ይችላል።

ስለ ዘመኑ ትክክለኛነት ብዙ አትጨነቅ። ራዲዮ በኤምጂቢ ላይ ተጨማሪ ዕቃ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚገጥመው መኪናውን የሸጠው ድርጅት ነው። በመካከለኛና በረጅም ሞገድ ብቻ የሚሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ትራንዚስተር የሆነ ራዲዮ ለ1965 ይስማማዋል።

ክዳኑን ስትከፍት ከነካኸው በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሳ። እንደ ቤት ራዲዮ የሚሽከረከር የካፓሲተር ክንፍ አትፈልግ፤ የመኪና ራዲዮ ጣቢያ የሚፈልገው ትንንሽ የፌራይት ዘንጎች ወደ መጠምጠሚያዎቹ ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ ነው። ዘንጎቹ እንደ ጠመኔ ይሰበራሉ፤ ዘይት አትቀባቸው፣ በካቻቢቴ አትግፋቸው። የሚቀባው የመዘውሩ ዘንግና ጥርሱ ብቻ ነው፣ እሱም በአንዲት ጠብታ። በሰም የታሸጉትን የመጠምጠሚያ ብሎኖችም ተዋቸው፤ ራዲዮው ዝም ያለው በእነሱ አይደለም፣ ከነካካሃቸው ግን ያለ ሲግናል ጄኔሬተር (የሙከራ ሞገድ አመንጪ መሣሪያ) ወደ ቦታቸው አትመልሳቸውም።

ፑት ፑት ማለቱና ድምፁ መቅጠኑ የደረቁ ኤሌክትሮሊቲኮች ምልክት ነው። ቢበዛ ከ10 እስከ 15 ታገኛለህ። አንዱን ለክተህ ሌላውን አትተው፤ ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ ሁሉንም ቀይር። ማይክሮፋራዱን እንዳለ ጠብቅ ወይም ወደሚቀርበው ከፍ ያለ ቁጥር ሂድ፤ ቮልቱን 25 አድርገው። እግሮቹ ከሁለት ጫፍ የሚወጡትን ዓይነት ግዛ፣ ቦርዱ ላይ የተዘጋጀላቸው ቦታ ለእነሱ ነው። አንድ በአንድ አውጣና አንድ በአንድ ተካ፤ ሁሉንም ነቅለህ ከጠረጴዛ ላይ የደረደርክ ቀን ፖላሪቲው ይምታታብሃል። በፖዘቲቭ ማሳ ራዲዮ ውስጥ ፕላሱ ወደ ቆርቆሮው ሲሄድ ስታይ ዓይንህ «ስህተት ነው» ይልሃል። ስህተት አይደለም።

ቦርዱ ቡናማ ወረቀት መሳይ ነው፣ መዳቡ በሙቀት ቶሎ ይላቀቃል። የመበየጃ ብረቱን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ አድርገህ በአንድ ነጥብ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ አትቆይ። የቀድሞውን ዓይነት 60 በ40 የቆርቆሮና የእርሳስ ሊድ ተጠቀም።

አሁን ዝም ወዳሰኘው ነገር እንምጣ። ተንጫጭቶ ድንገት ዝም ማለት ሁነኛ ተጠርጣሪ አለው፦ ከኤኤፍ 114 እስከ ኤኤፍ 117 ያሉት የሙላርድ ጀርማኒየም ትራንዚስተሮች። ረዘም ያለ የብረት ቆብ አላቸው፣ አራት እግር አላቸው፤ ሦስቱ ተጠጋግተው አንዱ ራቅ ይላል። ራቅ ያለው ኮሌክተር ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሺልድ፣ ማለትም ከብረት ቆቡ ጋር የተያያዘው እግር፣ ነው፣ ከዚያ ቤዝና ኤሚተር። ቆቡ ከውስጥ በቆርቆሮ ተለብጧል፤ ልባጡ በዓመታት ውስጥ ከጠጉር እጅግ የቀጠኑ የብረት ክሮችን ያበቅላል። አንዱ ክር አድጎ ከውስጥ ያለውን እግር የነካ ቀን ያ እግር ከቆቡ ጋር፣ በሺልዱ በኩልም ከማሳ ጋር ሾርት ይሆናል፤ ጣቢያው ይጠፋል። ራዲዮው ሲነካ ወይም መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ለጊዜው መመለሱም ከዚሁ ነው፣ ክሩ ተነቃንቆ ሲላቀቅ።

ምርመራው ቀላል ነው። ኃይል ሳይኖር የሺልዱን እግር ከቦርዱ ላይ ንቀለው፤ ቴስተሩን በኦም አድርገህ በሺልዱና በሦስቱ እግሮች መካከል በየተራ ለካ። ጤነኛ ከሆነ ምንም አያነብም። ከአንዱ እግር ጋር ብቻ ካነበበ የሺልዱን እግር ቆርጠህ ተወው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራዲዮው ወዲያው ይናገራል፣ አልፎ አልፎ ግን ሊያፏጭ ይችላል። ከሁለት እግሮች ጋር ካነበበ መቁረጡ አይበቃም፤ ሁለቱ በቆቡ በኩል እርስ በርስ ይገናኛሉና ትራንዚስተሩን ቀይር። ከኤኤፍ 124 እስከ ኤኤፍ 127 ያሉት በቅደም ተከተል ይተኳቸዋል። የተሞላ ካፓሲተር በሺልዱና በእግሮቹ መካከል አጋጭቶ ክሩን ማቃጠልም ይቻላል፤ ክሩ መልሶ ስለሚበቅል ግን እንደ ጥገና አልቆጥረውም። አዲሱን ስትበይድ እያንዳንዱን እግር በፒንሳ አፍ ያዝ፣ ሙቀቱ ወደ ፒንሳው ይሂድ፤ ጀርማኒየም ሙቀት አይችልም።

ከዚህ በኋላ ኃይል ስጠው፣ ግን በጠረጴዛ ላይ። የ12 ቮልት ምንጭህን ከመኪና የፍሬቻ አምፖል፣ ከባለ 21 ዋቱ፣ ጋር በተከታታይ አያይዘህ ወደ ራዲዮው አስገባ። አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ከበራ ሾርት አለ፣ ቶሎ ንቀል። ደብዘዝ ካለ ደህና ነው፤ እነዚህ ራዲዮዎች ድምፅ ባይኖርም እንኳ ከፍ ያለ ከረንት ይስባሉ። ስፒከሩን ሳታገናኝ ፈጽሞ አታብራ፤ የመጨረሻው ትራንዚስተር ትራንስፎርመር ስለሚነዳ ያለ ጭነት ሲሠራ የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ ይገድለዋል።

ያ ትልቁ ትራንዚስተር ኦሲ 26 ወይም ኤዲ 149 ዓይነት ሆኖ በአልሙኒየሙ ላይ በሁለት ብሎን ታስሯል። ከሥሩ ስስ የሚካ ወረቀት አለ፤ የትራንዚስተሩ አካል ኮሌክተሩ ስለሆነ ሚካው ከተቀደደ ሾርት ይሆናል። ፈትተኸው ከነበረ የደረቀውን ቅባት ጠርገህ አዲስ የሙቀት ቅባት በስሱ ቀባ። ከኤሚተሩ ጋር ያለችውን ትንሽ ሬዚስተር ለካ፤ ራዲዮውን ለማዳን ራሷ የምትቃጠል ዓይነት ልትሆን ስለምትችል በማንም ሬዚስተር አትተካት። በእሷ ላይ ያለውን ቮልት ለኦሟ ብታካፍል ከረንቱን ታገኛለህ፦ ለምሳሌ 0.25 ቮልት በ0.47 ኦም ላይ 0.53 አምፒር ገደማ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሞዴሉ የሰርቪስ ወረቀት ላይ አለ፤ የዚህን ትራንዚስተር የከረንት ማስተካከያ ወደዚያ አምጣ፣ ግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላም ደግመህ ለካ። ትራንዚስተሩ ከሞተ በጀርማኒየም ተካው። ሲሊኮን በቀጥታ ብትተካ ቤዙ የሚፈልገው ቮልት በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣልና አይሠራም።

ስፒከሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኮንሶል ውስጥ ነው። ባለ 3 ወይም 4 ኦም ይሁን፤ ባለ 8 ኦም ዘመናዊ ስፒከር ከገጠምክ ድምፁ ይደክምና ራዲዮውን ትወቅሳለህ። የመደወያውን መስታወት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረግ፣ አልኮል ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል። ለሚንጫጫው የድምፅ መቆጣጠሪያ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ጥቂት ነፍተህ ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዙረው። ወደ መኪናው ሲመለስ የኃይል ሽቦው ላይ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። የእንግሊዝ የመስታወት ፊውዞች ላይ ያለው ቁጥር የሚቀልጡበት እንጂ ያለማቋረጥ የሚሸከሙት እንዳልሆነ ልብ በል፤ የሉካስ ባለ 35 ፊውዝ በቋሚነት የሚሸከመው 17 አምፒር ነው።

ብዙ ሰው ራዲዮውን በሚገባ ጠግኖ አንቴናው ላይ ይሸነፋል። በመካከለኛ ሞገድ አጭር አንቴና እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ ኬብሉ ራሱ ሲግናሉን ይጠጣዋል። ዋናውን የመኪና አንቴና ኬብል ብትቆርጠው መሐሉ ላይ ባዶ ቱቦ ውስጥ የተኮረማመተች ቀጭን ሽቦ ታያለህ፤ እንደዚያ የተሠራው በዙሪያዋ አየር እንዲበዛ ነው። «አሮጌ ነው» ብሎ በአርጂ 58፣ በተለመደው የአንቴና ኬብል፣ የሚተካው ሰው በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ይጨምራል፣ ጣቢያዎቹም ይደበዝዛሉ። የአንቴናው መቀመጫ ከቦዲው ጋር ባዶ ብረት ለብረት ይነካካ፤ ከመኪናው ክንፍ (ፓራፋንጎ) ሥር ያለውን ቀለምና ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ጥረግ። አንቴናውን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ፣ ወደ 1400 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ በድሮው አቆጣጠር 214 ሜትር ላይ፣ ደካማ ጣቢያ ያዝ። ከአንቴናው መሰኪያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ድምፁ እስኪጎላ ድረስ በቀስታ አዙር። ከጣቢያ መያዣ ማስተካከያዎቹ ውስጥ እንድትነካት የምፈቅድልህ ይህች ብቻ ናት።

ሞተሩ ሲነሳ የሚመጣውን ጫጫታ በዓይነቱ ለየው። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ገና ሳይነሳ ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ብሎ ካርቡራተሩ ሲሞላ ከዘገየ፣ ከኋላ ያለው የኤስዩ የነዳጅ ፓምፕ ፑንቲና (የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚጨምር ቀጭታ የካንዴላው ነው፤ የካርቦን የካንዴላ ገመድ ወይም 5 ኪሎ ኦም ቆብ፣ በቦቢናውም ላይ ባለ 1 ማይክሮፋራድ ማፈኛ (ጫጫታ የሚቀንስ ካፓሲተር) ግጠም። ማፈኛው የሚገባው ከቁልፉ ኃይል በሚመጣበት በኤስደብልዩ (SW) ጫፍ ነው፤ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው በሲቢ (CB) ጫፍ ካስገባኸው ከዲስትሪቢዩተሩ ፑንቲና ካፓሲተር ጋር ተደምሮ እሳቱን ያዳክማል። ፉጨት ከሆነ ዲናሞው ነው፦ ሌላ 1 ማይክሮፋራድ በትልቁ በዲ (D) ጫፍ ላይ። በትንሹ በኤፍ (F) ጫፍ ላይ ምንም ነገር አታስር፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያውን ፑንቲና ያበላሻል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የቀረ ድምፅ ካለ ከኮፈኑ ወደ ቦዲ የማሳ ማሰሪያ ጨምር።

ስልክህን ማጫወት ከፈለግህ ራዲዮው ሳይጎዳ መግቢያ ማውጣት ይቻላል፤ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ላይኛው እግር በትንሽ ካፓሲተር። በፖዘቲቭ ማሳ መኪና ላይ ግን በመካከል የ600 ለ600 ኦም ማግለያ ትራንስፎርመር (ድምፁን እያሳለፈ ሽቦዎቹን እርስ በርስ የሚለይ) የግድ ነው። ያለ እሱ፣ ስልኩ ከመኪናው እየተሞላ በሽቦ ራዲዮው ላይ ከተሰካ የባትሪው ሁለት ጫፎች በስልኩ ገመድ ውስጥ ይገናኛሉ።

ክዳኑን ስትከፍት የቦርዱን ፎቶ ከሁለቱም በኩል እና ከኋላ ያለውን የሞዴል ቁጥር እዚሁ ለጥፍ። ትራንዚስተሮቹ ላይ የተጻፈው ከታየ የትኞቹን መጀመሪያ መለካት እንዳለብህ እነግርሃለሁ።