ወረዳ ልግባ ወይስ አዲስ አበባ ልጠብቅ? ለአንዲት የመስኖ ምሩቅ የተሰጠ መልስ

ውድ እህቴ፣

በውሃ ሀብትና መስኖ ምህንድስና ከተመረቅሽ ዓመት ከአራት ወር እንደሆነሽ ጽፈሽልኛል። አዲስ አበባ ላሉ አማካሪ ድርጅቶች ያስገባሽው ማመልከቻ መልስ አላገኘም። በዚህ መሃል አንድ ደጋ ወረዳ በመስኖ ባለሙያነት ሊቀጥርሽ ጠርቶሻል። እናትሽ ደግሞ «አምስት ዓመት የተማርሽው ገበሬ ቦይ ሲጠርግ ቆመሽ ለማየት ነው?» ብለውሻል። ጥያቄሽ ወረዳ መግባት ሙያዬን ይገድለዋል ወይ የሚል ነው።

አይገድለውም። ግቢ እልሻለሁ። ይህን የምለው ሥራ ከመፍታት ይሻላል በሚል ስሌት አይደለም። በተራራማ አገር መስኖ የሚሳካውም የሚከሽፈውም ወረዳ ላይ ስለሆነ ነው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዲዛይን ቢሮ ነበርኩ። አንድ የወንዝ ጠለፋ፣ ማለትም የወንዙን ውሃ ወደ ቦይ የሚመልስ ግንባታ፣ ነድፈን ነበር፣ 60 ሄክታር ያጠጣል ብለን። ወንዙን የለካነው በጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ውሃው ሙሉ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቀርበው «ልጆቼ፣ ይህ ወንዝ በየካቲት ይደክማል» አሉን። በማስታወሻዬ ጻፍኩት፤ ዲዛይኑ ውስጥ ግን አልገባም። ግንባታው አልቆ በጋው ሲመጣ ውሃው ከግማሹ በታች ለሚሆነው መሬት ብቻ ደረሰ። ከቦዩ ግርጌ ያሉት ገበሬዎች ጉልበታቸውን አዋጥተው የቆፈሩት ቦይ ደረቅ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሒሳቡን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን አብረን እናስላው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 10 ሜትር ኪዩብ ነው። ሰብሉ በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ 50 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በአፈር ቦይ ውስጥ የሚሰርገውና ማሳ ላይ የሚባክነው ግማሹን ይወስዳል ብንል፣ ለአንድ ሄክታር በቀን 100 ሜትር ኪዩብ ከወንዙ መውጣት አለበት። ወንዙ በየካቲት በሰከንድ 30 ሊትር ቢሰጥ በቀን 2,592 ሜትር ኪዩብ ነው። ስለዚህ 25 ሄክታር ገደማ ያጠጣል፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ የሚያጠጣ ሰው ከተገኘ። ሌሊት የሚያጠጣ ከሌለና የማታው ውሃ ዝም ብሎ ከፈሰሰ 13 ሄክታር ብቻ ይቀራል። መራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ መስኖ፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው፣ የሌሊቱን ውሃ ይዘው የሚያሳድሩ ገንዳዎች የተሠሩለት ለዚህ ነው። ትንሹ የወንዝ ጠለፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዳ የለውም፤ ያለው የሰው ተራ ብቻ ነው።

ተራው ላይ ስንደርስ ትምህርት ቤት ያላስተማሩሽ ነገር ይመጣል። በወሎም በጎጃምም ገበሬው ከመንግሥት ፕሮጀክት በፊት ወንዝ ጠልፎ ያጠጣ ነበር። ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነው፤ በትግራይ አቦ ማይ ይሉታል። ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ፣ ቦይ ጠረጋ የቀረ ሰው ምን እንደሚቀጣ የሚያውቀው እሱ ነው። አዲስ የኮንክሪት ጠለፋ ሲሠራ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል፣ በቦታውም ኮሚቴ ይቋቋማል። ከዚያ የቦዩ ራስ ላይ ያለው እንደልቡ ያጠጣል፣ ግርጌ ያለው ይጣላል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረውና መስኖውን ራሱ እንዲያስተዳድር አድርጓል። ግን አዋጁ በራሱ ቦይ አይጠርግም። ማኅበሩን ከውሃ አባቱ እውቀት ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ወረዳው የጠራሽ ለዚህ ነው ብለሽ አስቢ።

አንድ ነገር ደግሞ ሴት በመሆንሽ ከሌላው ቀድመሽ ልታዪው ትችያለሽ። የሌሊት ተራ ባሏ ለሞተባት ሴት ከባድ ነገር ነው። ብቻዋን በጨለማ ወንዝ ዳር መውረድ ስለማትችል ተራዋን ትለቃለች፣ ወይም ማሳዋን ለእኩል ትሰጣለች። በስብሰባ ላይ ይህን ተነሥታ አትናገርም። ለአንቺ ግን ልትነግርሽ ትችላለች።

ሌላው ትልቁ ጠላት ደለል ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ብዙ ትናንሽ የአፈር ግድቦች ተሠርተው ነበር። ከነሱ መካከል በደለል የሞሉ፣ ውሃ የሚያፈሱ፣ የታሰበላቸውን ያህል ውሃ ያላገኙም አሉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከግድቡ በላይ ያለው ተፋሰስ ካልታከመ ግድቡ ውሃ ሳይሆን አፈር ያጠራቅማል። ኮንሶዎች እርከናቸውን ለብዙ ትውልድ እየጠገኑ ያቆዩት፣ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበላቸውም መልክዓ ምድር፣ አፈሩ ተራራው ላይ እንዲቆይ ከተደረገ ምን እንደሚቻል ያሳያል። ስለዚህ ወረዳው ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያውን ወዳጅ አድርጊው። ሥራችሁ በወረቀት የተለያየ ቢሆንም ቁልቁለቱ አንድ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጥቅም ልምጣ። ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፤ የሥራ መደቡ በደብዳቤው ላይ «የመስኖ ባለሙያ» ተብሎ መጻፉን፣ ወደ ቀበሌ የምትሄጂበት መጓጓዣ መኖሩን፣ በወረዳው ስንት የሚሠሩና ስንት የቆሙ መስኖዎች እንዳሉ። ሦስተኛውን መመለስ ካልቻሉ አትደንግጪ፤ የመጀመሪያ ሥራሽ እሱ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዢ። በየ15 ቀኑ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ የወንዙን ውሃ ለኪ። መሣሪያ የለኝም አትበይ። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ርቀት፣ የሚንሳፈፍ እንጨት፣ የስልክሽ ሰዓትና የወንዙ ስፋትና ጥልቀት በቂ ነው። የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ያገኘሽውን ፍጥነት በ0.85 አባዢ፤ ወንዙ ድንጋያማ ከሆነ ከዚያም ዝቅ አድርጊ። ሁለት በጋ እንዲህ ከለካሽ፣ የጥናት ቡድን ለጥቂት ቀን መጥቶ የማያገኘው መረጃ በእጅሽ ይኖራል። ለአማካሪ ድርጅት ስታመለክቺ ከዲግሪሽ ጋር የምታስቀምጪው እሱን ነው። ማታ ማታ የሰብል ውሃ ፍላጎት የሚሰላበትን ክሮፕዋትንና የካርታ መረጃ የሚሠራበትን ጂአይኤስን አትተዪ፤ በራስሽ መረጃ ስትሠሪባቸው ትምህርት ቤት ከነበረው ይልቅ ይገቡሻል።

ለሁለት ዓመት ብለሽ ግቢ፣ ሳይታወቅሽ አሥር እንዳይሆን። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ከፈለግሽ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሐሮማያም አለ። የመመረቂያ ጥናትሽ ርዕስም በደብተርሽ ውስጥ ተጽፎ ይጠብቅሻል።

እናትሽን በተመለከተ አልፈርድባቸውም። ልጃቸው ጭቃ ውስጥ እንድትገባ የሚመኝ እናት የለም። አንድ በጋ ከሠራሽ በኋላ ቦታው ድረስ ውሰጃቸውና ውሃው የደረሰበትን ማሳ አሳዪአቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ቅጥሩ ጥቅምት ላይ ከሆነ ገበሬው ከክረምት በኋላ ቦይ የሚጠርግበት ሰሞን ነው። የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ባያልቅም ሳምንት አትዘግዪ። ከጠለፋው እስከ መጨረሻው ማሳ ድረስ ቦዩን በእግርሽ የምትሄጂበት፣ ከውሃ አባቱም ጋር ሳይጠራሽ የምትተዋወቂበት አጋጣሚ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።