ሕጉን ከመቀየራችሁ በፊት

ልጆች፣ በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ የምታመጡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ሲስተም እንዴት ነው የሚስተካከለው?» ግማሾቻችሁ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳችሁ ፖለቲካል ሳይንስ የምትማሩ ናችሁ። ሌሎቻችሁ ዜግነት ከወሰዳችሁ ገና ዓመት አልሞላችሁም፤ የመጀመሪያ ድምፃችሁን ልትሰጡ ነው። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ከተማ አስተዳደር የበጀት ክፍል ቁጥር ስደምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቡና እየተቀዳ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ በጽሑፍ ላድርገው ብያለሁ።

መልሴ የሚጀምረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። አሜሪካኖች ፕሮግሬሲቭ ኢራ (የለውጥ አራማጆች ዘመን) የሚሉት ዘመን አለ፤ ከ1890ዎቹ እስከ 1920 ገደማ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከከተማ ምክር ቤት እስከ ሴኔት፣ ዛሬ የምናየው አሠራር ብዙው የተበጀው ያኔ ነው። ሰዎቹ ጎበዞች ነበሩ። ያስተካከሉት ብዙ ነው፤ ያበላሹትም ቀላል አይደለም። ሁለቱንም እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ የነበረውን እወቁ። ድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚያትመው ፓርቲው ራሱ ነበር። እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን እጩዎች ስም ብቻ ያትምና ምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ያድላል። ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ቀለም ስለሚለያይ መራጩ ለማን እንደሰጠ ከሩቅ ይታወቃል። ድምፅ የገዛ ሰው ገንዘቡ ሜዳ ላይ አለመቅረቱን የሚያረጋግጠው በዚህ ነው። መንግሥት የሚያትመው፣ የሁሉም እጩ ስም ያለበት፣ ተከልሎ የሚሞላ ወረቀት ከአውስትራሊያ የተቀዳ ነው። ማሳቹሴትስ በ1888 ሕግ አደረገችው፤ አብዛኞቹ ስቴቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሏት።

የመንግሥት ሥራም የአሸናፊው ፓርቲ ምርኮ ነበር። ፕሬዚዳንት በተቀየረ ቁጥር የፖስታ ቤት ኃላፊው ሳይቀር ይነሳል። በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በጥይት የመታው ሰው ፓሪስ ቆንስል ሆኜ መሾም ይገባኛል እያለ ደጅ ሲጠና የከረመ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮንግረስ የፔንድልተንን ሕግ አወጣ። ለተወሰኑ የፌዴራል ሥራዎች በፈተና መቅጠር ተጀመረ። እኔ ማንንም ሳላውቅ፣ እንግሊዝኛዬም ገና ሳይጠራ ሥራ ያገኘሁት በዚህ ዓይነት ደንብ ነው። ስለዚህ የነዚያን ሰዎች ልፋት አላቃልልም።

ከተሞቹ የባሱ ነበሩ። ኒው ዮርክን ታማኒ ሆል የሚባል የዴሞክራቶች ድርጅት ይዟት ነበር። ዊሊያም ትዊድ አለቃ በነበረበት ጊዜ በ250 ሺህ ዶላር ያልቃል የተባለ የፍርድ ቤት ሕንፃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተወራረደበት። የበጀት ሰው ስለሆንኩ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ ያንን ሂሳብ ያወራረደውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ትዊድ በ1878 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ታማኒ ግን ገና ብዙ ዓመት ነበረው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እዚያም ሰፈር ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን ታሪክ ሁሉ እኔ የምወደው ግን የቺካጎውን ነው።

ጄን አዳምስ የደህና ቤተሰብ ልጅ ናት። በ1889 ከጓደኛዋ ከኤለን ስታር ጋር ሀል ሀውስ የሚባል ቤት ከፈተች፤ በከተማዋ 19ኛ ቀጠና። ሠፈሩ ጣሊያን፣ አይሪሽ፣ ግሪክ፣ ከሩሲያ የተሰደደ አይሁድ የታጨቀበት ነው። የሠራተኛ እናቶችን ልጆች ይይዛሉ፤ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። የሠፈሩ መከራ ግን ቆሻሻ ነበር። የማንሻው ኮንትራት የሚሰጠው በትውውቅ ነው። ተቋራጩ ብሩን ይወስዳል፤ ቆሻሻው እዚያው ይከርማል። በ1895 አዳምስ ራሷ ጨረታው ውስጥ ገባች። በትንሽ የፎርም ጉድለት ሰበብ ጣሏት። ነገሩ ሲወራ ግን ከንቲባው የቀጠናው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሟት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤቷ እየወጣች የቆሻሻ ጋሪዎቹን ኋላ ኋላ ትከተል ጀመር። ሞልተዋል? ስንቴ ተመላለሱ? የት ደፉት? ተቋራጩ የሚያሰማራው ጋሪ 9 ነበር። ተጨቃጭቃ 13 አደረገችው፤ ከዚያ 17። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሻሻው ሲዛቅ፣ ሲዛቅ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ታች የመንገድ ንጣፍ ተገኘ። ማዘጋጃ ቤት ሄደው መዝገብ ቢያገላብጡ፣ እውነትም መንገዱ አንድ ጊዜ ተነጥፎ ኖሯል። የመንገዱ ነዋሪዎች ጣሊያኖች ነበሩ። ብዙም አልገረማቸውም፤ አዳምስ ስታስረዳ፣ አገራቸው የተቀበረ ከተማ ሲቆፈር ማየት ለምደው ይሆናል ትላለች።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል። አሁን የሚጎመዝዘው ይመጣል። ቀጠናውን በምክር ቤት የሚወክለው ጆኒ ፓወርስ የሚባል ሰው ነበር። ሌብነቱን የማያውቅ የለም። አዳምስና ጓደኞቿ በምርጫ ሊያወርዱት በ1896 ሞከሩ፤ ተሸነፉ። በ1898 ደግመው ሞከሩ፤ ደግመው ተሸነፉ። ለምን?

ፓወርስ ለቅሶ ይደርሳል። ለቀባሪው ሠረገላ ይከፍላል። ልጁ የታሰረበት አባት ጋ ሄዶ ዳኛውን ያነጋግርለታል። በገና ተርኪ ያድላል፤ በቶን የሚቆጠር። በቀጠናው 2,600 ሰው ከከተማው ካዝና ደሞዝ የሚበላው በእኔ ነው እያለ ይፎክር ነበር፤ ይሄ ከመራጩ ሲሶ ያህል ነው። ለዚያ ስደተኛ ፓወርስ እንደ እድር ዳኛ ነበር፤ የከፋ ቀን ሲመጣ በሩ የሚንኳኳ ሰው። ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሆድ የሞላው ነው። አዳምስ ይሄን አልካደችም። ሰዎቹ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም የመረጡት፣ ደግ ነው ብለው ነው ብላ በ1898 ጻፈች። በዘመኗ ከነበሩት ለውጥ ፈላጊዎች ሁሉ አስተዋይ የምላት ለዚህ ነው። ሌሎቹ ሌባውን ብቻ አዩ። እሷ ሌባው የሚሰጠውንም አየች።

እና ልጆች፣ አንድን መጥፎ አሠራር ከማፍረሳችሁ በፊት ድሃው ከእሱ ምን እንደሚያገኝ ጠይቁ። ከዚያ፣ እናንተ ያመጣችሁት ጥሩ አሠራር ማንን ደጅ እንደሚያስቀር ጠይቁ። የእኔ ምክር ይሄው ነው። የቀረው ማስረጃው ነው።

በመስከረም 1900 ጋልቬስተን የምትባል የቴክሳስ የወደብ ከተማን ማዕበል መታት። ቢያንስ 6,000 ሰው አለቀ። የድሮው ምክር ቤት ይሄን አይችለውም ተባለ። በ1901 ከተማዋ በጥቂት ኮሚሽነሮች እጅ ገባች። አንዱ ፋይናንሱን፣ አንዱ ፖሊስና እሳት አደጋውን፣ አንዱ መንገዱን፣ አንዱ ውሃውን ያዘ። ከተማዋ ተነሳች፤ የባሕር ግንብም ሠራች። ሞዴሉ በየከተማው ተቀዳ። በ1913 ደግሞ ዴይተን፣ ኦሃዮ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። እነሱ ኃላፊነቱን ለአንድ ባለሙያ ሰጡ፤ ሄንሪ ዌይት የሚባል መሐንዲስ ተቀጥሮ በ1914 ሥራ ጀመረ። የከተማ ሥራ አስኪያጅ የሚባለው ሹመት፣ ሲቲ ማናጀር የምንለው፣ በዚያ መጠን ባለ ከተማ ሲሞከር የመጀመሪያው ነው። ትንሿ ስታንተን፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በ1908 ቀድማ ጀምራዋለች። እኔ የሠራሁበትም ከተማ የሚተዳደረው በዚሁ ነው፤ ጥሩ ይሠራል። ሂሳቡ ይዘጋል፣ ቆሻሻው በቀኑ ይነሳል፣ የማንም የአጎት ልጅ ኮንትራት አይወስድም።

ግን ከዚህ ጋር አብሮ የመጣ ነገር አለ። ቀጠና ቀረና ተመራጩ በሙሉ በከተማው ሕዝብ በጅምላ የሚመረጥ ሆነ። የሠፈር አለቃን ለመቅበር ጥሩ ነው። የሠፈሩን ድምፅም አብሮ ይቀብራል። ሞቢል፣ አላባማ በ1911 የኮሚሽን አስተዳደር አቆመች። ከነዋሪዋ ሲሶ ያህሉ ጥቁር ነበር። ጥቁር ነዋሪዎች በዚህ አመራረጥ ላይ ያቀረቡት ክስ በ1980 በጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪወሰን ድረስ አንድም ጥቁር ኮሚሽነር አልተመረጠም።

በሥራዬ ያየሁትን ልጨምር። የበጀት ውይይት ሲኖር ሕዝቡ አስተያየት ይሰጣል። ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ። ማይኩ ፊት ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ስብሰባው የሚጀምረው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የእኛ ሰው ወይ ታክሲ ላይ ነው፣ ወይ ፓርኪንግ ላይ ነው፣ ወይ ነርሲንግ ሆም የማታ ፈረቃ ገብቷል። የሚመጡት የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ ንግግር የለመዱ ሰዎች ናቸው። ስለ ዛፍና ስለ መኪና ማቆሚያ ይናገራሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አልቀየማቸውም። ግን የአውቶቡስ መስመር የሚታጠፍባት እናት እዚያ የለችም። ለቅሶዋን የሚደርስ ፓወርስም የላትም።

ደቡብ ላይ የሆነውን ደግሞ ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ፤ ዘመኑን የሚያሞግሱት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ይፈጥናሉ። ድምፅ መግዛትን እናጥፋ፣ ምርጫውን እናጽዳ እየተባለ ጥቁሩ ከመዝገብ ተፋቀ። የማንበብ ፈተና መጣ፣ የምርጫ ግብር መጣ። ሉዊዚያና በ1896 ከ130 ሺህ በላይ የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ነበሯት። በ1904 የቀሩት 1,342 ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ለውጥ አራማጅ የሚባለው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሥልጣን ሲይዝ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ ተለያየ። ከ1914 ጀምሮ ለሲቪል ሰርቪስ የሚያመለክት ሰው ፎቶ ማያያዝ ነበረበት። በፈተና መቅጠር ያልኳችሁ፣ እኔን የጠቀመኝ ደንብ፣ ያኔ ለጥቁር ልጅ ይሄን ይመስል ነበር።

ዊስኮንሲንን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሮበርት ላ ፎሌት በ1901 ገዥ ሆነ። እጩን የሚመርጡት የፓርቲ አለቆች ተዘግተው ሳይሆን መራጩ ራሱ ነው የሚለውን የፕራይመሪ ሕግ በ1903 አስወጣ፤ ሕዝቡ በ1904 አጸደቀው። ሴናተሮች በስቴት ምክር ቤቶች መመረጣቸው ቀርቶ በሕዝብ እንዲመረጡ የተደረገው በ1913 ነው፤ 17ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ። ከላ ፎሌት እኔ የምወድለት ግን አንድ ልማድ ነው። ሕጎቹ ሲወድቁበት የምክር ቤቱን የድምፅ መዝገብ ይዞ በየካውንቲው ይዞር ነበር። የተወካዩ አገር ሄዶ መድረክ ላይ ይቆምና መዝገቡን ያነባል። ይሄ ሕግ ሲቀርብ የእናንተ ሰው «አይ» አለ። ያኛው ሲቀርብ «አዎ» አለ። ስድብ የለው፣ ፉከራ የለው። ገበሬው የማያውቀውን ያውቃል፤ ተወካዩ ደግሞ ላብ ላብ ይለዋል። ዛሬ ያ መዝገብ ስልካችሁ ላይ አለ። የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

ካሊፎርኒያ የምትኖሩት ይቺን ለእናንተ ነው የምጽፋት። ስቴቱን ሰዘርን ፓሲፊክ የሚባል የባቡር ኩባንያ አንቆ ይዞት ነበር። ሃይረም ጆንሰን ኩባንያውን ከፖለቲካ አስወጣለሁ ብሎ በ1910 አሸነፈ። ጥቅምት 10 ቀን 1911 ሕዝቡ ሦስት መሣሪያ ተቀበለ፤ ኢኒሼቲቭ፣ ሪፈረንደም፣ ሪኮል። ሕግ ማርቀቅ፣ የወጣን ሕግ መጣል፣ የተመረጠን ሰው ማውረድ። (የሴቶች ድምፅም በዚያው ቀን አለፈ፤ ለጥቂት፣ በ3,587 ድምፅ ብልጫ።) መሣሪያው የተሠራው ኩባንያን ለመግታት ነበር።

ኅዳር 2020 ላይ በዚያው መሣሪያ የተጠቀመው ማን ነው? በስልክ የሚጠራ ታክሲና ምግብ አድራሽ ኩባንያዎቹ፤ ኡበር፣ ሊፍትና ዶርዳሽ። ሹፌሮችን እንደ ተቀጣሪ የሚቆጥር ሕግ በ2019 ወጥቶባቸው ነበር። ፊርማ አስሰብስበው፣ ሹፌሮቹ ተቀጣሪ ሳይባሉ በግላቸው እንደሚሠሩ ይቆጠሩ የሚለውን ፕሮፖዚሽን 22ን አመጡ። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱበት። 58 ከመቶ በሚሆን ድምፅ አለፈ፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 አጸናው። ከሎስ አንጀለስ እስከ ኦክላንድ ስንት ያገሬ ልጅ መሪ ጨብጦ እንደሚያድር ታውቃላችሁ። የማውቃቸው ሹፌሮች ራሳቸው ሁለት ቦታ ተከፍለው ነበር። ነፃነቴን እፈልጋለሁ የሚል አለ፤ ስታመም ማን ይከፍለኛል የሚል አለ። ማን ልክ እንደሆነ እዚህ አልፈርድም። ያናደደኝ ብዙዎቹ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ሳያነቡ በስልካቸው የመጣላቸውን ማስታወቂያ ይዘው መግባታቸው ነው።

እንግዲህ ምን ትሠራላችሁ? ኮንግረስን ለጊዜው ተዉት። የከተማችሁን ወይም የካውንቲያችሁን በጀት አውርዱ። ሙሉውን አታነቡትም፤ እኔም አንብቤው አላውቅም፣ ሠርቼው እንኳን። የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ምረጡ፤ አውቶቡስ ይሁን፣ ቤተ መጻሕፍት ይሁን። ያምናና የዘንድሮውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የቀነሰውን አክብቡ። ከዚያ ያ ነገር የሚነካውን ሰው ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አክስታችሁ ናት። የሥራ ሰዓቷ ስብሰባ የማያስመጣት ከሆነ ጠይቃችሁ፣ በስሟ ጽፋችሁ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ላኩላት። የሚላክ አስተያየት መዝገብ ላይ ይገባል፤ እኛም ቢሮ ሳለን እናነበው ነበር። ብዙ ስለማይመጣ የመጣው ጎልቶ ይታያል። እዚህ ቨርጂኒያ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጁላይ 1 ስለሆነ ውይይቱ ፀደይ ላይ ነው። አጀንዳው ከስብሰባው ቀናት ቀደም ብሎ ይለጠፋል። መናገር ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ንግግራችሁንም ቤት ውስጥ በሰዓት ለኩት፣ ቢጫው መብራት ሳይታሰብ ነው የሚበራው።