የቆዩት ደህና፣ አዲሶቹ ግን በሦስት ቀን የሚያልቁበት ገንዳ

ጠያቂያችን ሁለት ዓመት የሞላው 120 ሊትር የዓሣ ገንዳ አላቸው። ዐሥራ ሁለት ኒዮን ቴትራና አራት ኮሪዶራስ ያለ ችግር ይኖሩበታል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፕላቲ የሚባሉ ዓሦች ገዝተው አስገቡ። በየጊዜው ፌስታሉን ከፍተው የገንዳውን ውሃ በኩባያ እየጨመሩ ሁለት ሰዓት አለማመዷቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ዓሦቹ ክንፋቸውን አጥፈው ጥግ ያዙ፣ ከውሃው ፊት ላይ አየር ሲያነፈንፉ ቆይተው በሦስተኛው ቀን አለቁ። የመመርመሪያ ወረቀቱ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ከ7 ሲወርድ አሲዳማ ነው) 6 አካባቢ፣ ናይትሬቱን ደግሞ የመጨረሻውን ቀይ አሳየ። ሻጩ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣቸው። ሌላ ሰው ፒኤች ከፍ የሚያደርግ ፈሳሽ አስጨመራቸው፤ ፒኤቹ ወጣ፣ በማግስቱ ተመልሶ ወረደ።

በሽታ አይመስለኝም። ሦስት ጊዜ የገባ በሽታ ኒዮኖቹን አንዴ እንኳ ሳይነካ አይቀርም ነበር። የነገሩን ቁልፍ የሰጠችኝ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ወጣና በማግስቱ ወረደ። ኬኤች አልቋል ማለት ነው።

ኬኤች ውሃው አሲድን የሚችልበት ስንቅ ነው። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን በሠሩ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ፣ ከዚህ ስንቅም ይበላሉ። ስንቁን በተለምዶ የሚሞላው አዲስ ውሃ ነው። የተነነውን መሙላት ውሃ መቀየር አይደለም፤ የሚተነው ንጹሕ ውሃ ነው፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ስንቁ ሲያልቅ ፒኤች ይወድቃል። ኒዮኖቹ ከውሃው ጋር በወራት ቀስ ብለው ወረዱ፣ ዘራቸውም ከለስላሳ (ማዕድን ያነሰበት) እና አሲዳማ ወንዝ ነው። ፕላቲ ግን ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው፤ ሁለት ሰዓትም ይሁን አራት ሰዓት፣ ከፒኤች 7.5 ወደ 6 ውሃ በጠብታ በመጨመር አያሻግሩትም። ሰውነቱ ጨውና ውሃውን ለማስተካከል ቀናት ይፈልጋል።

ግምቴን በፈሳሽ መመርመሪያ ያረጋግጡ። ወረቀቱን ይተዉት፤ ክዳኑ አንዴ በእርጥብ እጅ ከተከፈተ በኋላ የሚያሳየው ቀለም የምኞት ነው። ኬኤች፣ አሞኒያና ናይትሬት ይለኩ፤ የገንዳውንም፣ አንድ ቀን በባልዲ የቆየ የቧንቧ ውሃንም። ኬኤች ሲለኩ በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ጠብታ እየጨመሩ ይቆጥራሉ፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ እስኪዞር የገባው ጠብታ ቁጥር የኬኤቹ ዲግሪ ነው። ሰማያዊውን ሳያዩት በመጀመሪያው ጠብታ ቢጫ ከሆነ ስንቁ ባዶ ነው። የናይትሬቱን ሁለተኛ ጠርሙስ ሠላሳ ሰከንድ አጥብቀው ይነቅንቁት፤ ዱቄቱ ከሥር ከተኛ ናይትሬቱን ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለውን ነገር ልበል፤ ዓሣ የሚገድለው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንዱ አሞኒየም ነው፣ ዓሣውን ብዙም አይጎዳም። ሁለተኛው ነፃው አሞኒያ ነው፣ ስንጥቡን ያቃጥላል። መመርመሪያው ሁለቱን ደምሮ ነው የሚነግርዎ፤ የትኛው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 6 ላይ ነፃው ከጠቅላላው 0.06 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤች 7 ላይ 0.6 በመቶ፣ ፒኤች 8 ላይ ከ5 በመቶ ይበልጣል። በእያንዳንዱ የፒኤች ደረጃ ወደ ዐሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ጠቅላላው አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ ፒኤች 6 ላይ ዓሣው የሚያገኘው መርዝ 0.001 ነው፤ ያው ውሃ ፒኤች 8 ሲደርስ 0.1 ይሆናል። በሙከራ ቱቦው ላይ ግን ያው አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። ባክቴሪያዎቹ ከ6.5 በታች ስለሚዝሉ እንዲህ ያለ ገንዳ አሞኒየም ሊያጠራቅም ይችላል፣ የቆዩት ዓሦችም ምንም ሳይመስላቸው ይኖሩበታል። ያንን ጠርሙስ ያስጨመረዎ ሰው አሞኒያውን ሳይለካ ነው ፒኤቹን ያስወጣው። ኒዮኖቹ የተረፉት በዕድል ነው።

ፌስታሉም ውስጥ ያው ነው። ታሽጎ የሚጓዝ ዓሣ በትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጠራቅማል፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ከሰውነቱ የወጣው አሞኒያ አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒየሙ ወደ መርዝነት ይዞራል። ጉዞው አንድ ሰዓት ከሆነ ይህ ቀላል ነው። ቀን ሙሉ ታሽጎ የመጣን ዓሣ ግን ከፍቶ ሁለት ሰዓት እዚያው ማቆየት በራሱ ላይ መርዝ ማፍላት ነው።

ጥገናው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ግን፣ እጅዎ ውሃ ከመንካቱ በፊት የማሞቂያውን፣ የማጣሪያውንና የመብራቱን ሶኬት ሁሉንም ይንቀሉ። ማብሪያና ማጥፊያውን መዝጋት አይበቃም፣ ይንቀሉ። ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላም ሩብ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ መስታወት ከውሃ ብቅ ካለ ይሰነጠቃል።

ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 12 ሊትር ይቀይሩ። አንዴ ግማሹን እገላገላለሁ እንዳይሉ፤ ኒዮኖቹን በእጅዎ ይገድላሉ። በዚህ አካሄድ በ14 ቀን ከአሮጌው ውሃ የሚቀረው 23 በመቶ ገደማ ነው። ጠቅላላው አሞኒያ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት 6 ሊትር ብቻ ይቀይሩ፣ ክሎሪን ማጥፊያዎም አሞኒያን የሚያስር ዓይነት ይሁን፣ በየቀኑም ይለኩ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው በአንድ ዲግሪ አይራቅ። ውሃን ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል፤ ክሎራሚንን ግን አያስወጣም፣ ስለዚህ ማጥፊያው አይቅር።

የቧንቧው ኬኤች ራሱ ከ2 በታች ከሆነ በየ12 ሊትሩ ባልዲ 1.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይሟሟ፤ የባልዲውን ኬኤች በ4 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። በሚዛን ይመዝኑት እንጂ በማንኪያ አይገምቱ፤ በቀጥታ ወደ ገንዳውም አይበትኑት። ሶዳ ካልሲየም እንደማይጨምር ልብ ይበሉ። ፕላቲ ካልሲየም ስለሚፈልግ፣ ውሃዎ ለስላሳ ከሆነ አንድ እፍኝ የተፈጨ ኮራል በወንፊት ከረጢት ማጣሪያው ውስጥ ያስቀምጡ። ግብዎ ኬኤች 4፣ ፒኤች 7.2 አካባቢ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች ነው። እውነቱን ለመናገር ኒዮንና ፕላቲን አንድ ላይ የሚያኖር ሰው ሁለቱንም በከፊል ያስከፋል፤ ይህ መሐል መንገድ ነው።

የማጣሪያዎን ካርትሬጅ በየወሩ እየጣሉ ከሆነ ባክቴሪያዎቹን እየጣሉ ነው። ይህ ዕቃ የተሠራው ደጋግመው እንዲገዙት ነው። በቦታው ሻካራ ስፖንጅ ቆርጠው ያስገቡ፣ ከገንዳው በቀዱት ውሃ እንጂ በቧንቧ አይጠቡት። መድኃኒቱን ለማውጣት አዲስ የማጣሪያ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) ለአንድ ሳምንት ያስገቡና ያውጡት። ርካሽ ማሞቂያም ካለዎት ቴርሞሜትር ይጨምሩበት፤ የውስጡ ብረት ተጣብቆ ሲቀር ሳይጠፋ ያድራል፣ ጠዋት ሾርባ ያገኛሉ።

ለቀጣዮቹ ፕላቲዎች 40 ሊትር የምትይዝ የተለየች ገንዳ ያዘጋጁ፤ ፒኤችዋንና ኬኤችዋን ከሻጩ ውሃ ጋር ያቀራርቡ። መብራት ያጥፉ፣ ፌስታሉን ሳይከፍቱ ሃያ ደቂቃ ያንሳፍፉ። ከዚያ ይክፈቱ፣ ዓሦቹን በመረብ አውጥተው ያስገቡ፣ የፌስታሉን ውሃ ይድፉት። ውሃ በጠብታ እየጨመሩ ማለማመድ የሚያስፈልገው ሁለቱ ውሃዎች ሲራራቁና ጉዞው አጭር ሲሆን ነው፤ ቀጭን የአየር ቱቦ ቋጥረው በሰከንድ ሦስት ጠብታ፣ ውሃው እጥፍ እስኪሆን። አራት ሳምንት እዚያው ይቆዩ፤ በመጨረሻው ሳምንት ውሃቸውን ከትልቁ ገንዳ እየቀዱ ይቀይሩላቸው። ይህችም ገንዳ ብትሆን እጅ ከመግባቱ በፊት ትነቀል። ገመዶቹም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ይውረዱ፣ በገመዱ የሚወርድ ውሃ መሬት ላይ እንዲንጠባጠብ እንጂ ሶኬት እንዳይገባ።

መጀመሪያ ሦስት ብቻ ወደ ትልቁ ያስገቡ። በሳምንቱ አሞኒያ ዜሮ ካልሆነ የቀሩት ባሉበት ይቆዩ። ኬኤችን በየሁለት ሳምንቱ ይለኩ፤ ከ3 በታች ካገኙት ውሃ መቀየሪያው ቀን አልፎዎታል።