ለዚያ አልፈታ ላለህ የማኒፎልድ ቡሎን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። የጭስ ማኒፎልዱን (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ የሚያወጣውን ብረት) ጋስኬት ልትቀይር ስትፈታ ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው የጫፉ አንድ ቡሎን እምቢ አለህ፣ በቁልፍ ስትታገለው ደግሞ ማዕዘኖቹ ተበልተው ጭንቅላቱ ድቡልቡል ሆነ። «መሃሉን በስቼ በኤክስትራክተር ላውጣው ወይስ ቴስታታውን ላውርድ?» ነው ያልከው። (ኤክስትራክተር የተበሳ ቡሎን ውስጥ ገብቶ የሚያዞረው ሾጣጣ ብረት ነው፣ ቴስታታው ደግሞ ማኒፎልዱ የታሰረበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል።) ለዛሬ ሁለቱንም አታድርግ። ጭንቅላቱ የተበላ ቡሎን ገና ያልተሰበረ ቡሎን ነው፣ የምትይዘው ነገር አለህ ማለት ነው። ከቴስታታው ገጽ ጋር እኩል ሆኖ የተቆረጠ ቡሎን ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ እንዳትደርስ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ለምን የጫፉ እንደሆነ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም በኋላ ስትገጥም ይጠቅምሃል። ከባድ መኪና ጭኖ ዳገት ሲወጣ የጭሱ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ማኒፎልዱ ብረት ስለሆነ ሲሞቅ ይረዝማል። 80 ሴንቲ የሚሆን ማኒፎልድ 500 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 4 ሚሊሜትር ልርዘም ይላል፣ ቴስታታው ግን በውሃ ስለሚቀዘቅዝ አብሮት አይረዝምም። ስለዚህ የመሃሎቹ ቡሎኖች ብዙም ሳይነኩ የጫፎቹ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ወደ ጎን ይገፋሉ። ብዙ አምራቾች ማኒፎልዱን ሁለት ሦስት ቦታ ቆርጠው አንዱ በአንዱ ውስጥ እንዲንሸራተት የሚሠሩት ለዚህ ነው። ያንተ ቡሎን ዝገት ብቻ አይደለም የያዘው። ጎብጦም ሊሆን ይችላል። ጉልበት ብቻ የማያወጣውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጭንቅላቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ጥቁሩና ቅርፊቱ እስኪረግፍ። ከዚያ ባለ 12 ማዕዘኑን ቡሶላ (ጭንቅላቱ ላይ የሚጠልቀውን ክብ ቁልፍ) ወደ ሳጥኑ መልሰው። እሱ የሚይዘው የማዕዘኑን ጫፍ ብቻ ስለሆነ ጭንቅላቱን የበላብህም ሳይሆን አይቀርም። ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ ያስፈልግሃል፣ እሱም አንድ ቁጥር ያነሰ። ጭንቅላቱ 13 ከነበረ የግማሽ ኢንች ቡሶላ 12.7 ሚሊ ስለሆነ ልክ በቦታው ነው፣ ካልሆነም 12 ቁጥር። በመዶሻ መትተህ አስገባው። ቀስ ብሎ መግባት የለበትም፣ ተጠቅጥቆ ነው መግባት ያለበት። ምቱ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ቡሎኑን በቀጥታ ወደ ውስጥ ስትመታው በጥርሶቹ መሃል ያለው ዝገት ይሰነጠቃል። እኔ ቡሶላ ሳልሰካም አስር አስራ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጌ ጭንቅላቱን እመታለሁ።

ስለ ዘይት፦ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ካለህ ተጠቀም፣ ከሌለህ የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይትና አሴቶን እኩል እኩል ቀላቅለህ መሥራት ትችላለህ። ሁለቱ ይለያያሉና ከመቀባትህ በፊት በደንብ ናጠው። አሴቶን ፕላስቲክና ቀለም ይበላል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል፣ ስለዚህ እሳት ከምታነድበት ሰዓት ጋር አታገናኘው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ዘይቱን ጭንቅላቱ ላይ ብቻ ረጭቶ ተአምር ይጠብቃል። ያንተ ቡሎን ጥርሱ ያለው ከማኒፎልዱ ጀርባ ቴስታታው ውስጥ ነው። ዘይቱ መግባት ያለበት ማኒፎልዱና ቴስታታው በሚገናኙበት መስመር ነው። ከላይ በኩል እዚያ ስንጥቅ ላይ ርጭ፣ ምታ፣ ደግመህ ርጭ። ማታ አድርገኸው ለጠዋት ተወው።

ሙቀቱ ላይ ብዙ እቆማለሁ፣ ምክንያቱም እኔን ብዙ ጊዜ ያዳነኝ እሱ ነው። ከመለኮስህ በፊት የናፍጣ ቱቦዎቹን፣ የኢንጄክተር መስመሮቹን፣ ሽቦውንና ጎማ ነክ ነገሩን ሁሉ ተመልከት። ከእሳቱ አጠገብ ያለውን አንሳው ወይም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው፣ እሳት ማጥፊያም እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። አደራህን ደግሞ አካባቢውን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥበህ እሳት አታስጠጋ። አንዳንዱ ክሎሪን አለበት፣ ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል የሚገድል ጋዝ ይወጣዋል። ይህን ሳያውቁ የሚሠሩ ልጆች ስላየሁ ነው በግልጽ የምጽፈው።

ቴስታታው የብረት ከሆነ የቡሎኑን ጭንቅላት ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አሙቀው። ቡሎኑ ሲግል ያብጥና ዙሪያውን ይጨምቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸሻል፣ ዝገቱም የሚለቀው ያኔ ነው። ስለዚህ እንደጋለ ለመፍታት አትቸኩል። ራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፋበት፣ የብረት ቴስታታ በአንድ ቦታ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። እጅ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ተራ ሻማ አስነካው፣ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሳባል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገመው። ቴስታታው አልሙኒየም ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። አልሙኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፣ ዝም ብሎ ይቀልጣል። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፣ የቴስታታው ቅይጥ ግን ከዚያም በታች።

ከዚያ ወደ ማዞሩ። መጀመሪያ ወደ መፍታት ሳይሆን ወደ ማጥበቅ ሞክር፣ ለፀጉር ያህል ብቻ። ከዚያ ወደ መፍታት። እዚህ ላይ እጅህን አዳምጥ። ቡሎን ሲለቅ ጭርርር የሚል ድምፅ አለው፣ ደረቅ በር እንደሚከፈት ያለ፣ እጀታውም ትንሽ ዝልል ይልብሃል። እሱ ጥሩ ምልክት ነው። ድምፅ ሳይኖረው እጀታው ለስለስ እያለ ከመጣ ግን፣ ጎማ የምትጠመዝዝ ያህል ከተሰማህ፣ ቡሎኑ እየዞረ አይደለም፣ ወገቡ ላይ እየተጠመዘዘ ነው። እዚያው ላይ አቁም። ሩብ ዙር ብትጨምር ተቀንጥሶ እጅህ ላይ ይቀራል። መልሰህ አጥብቀው፣ አሙቀው፣ ዘይት ስጠው። ጭርርር ካለ ደግሞ በአንዴ አትንዳው። ትንሽ ፍታ፣ ግማሹን መልስ፣ ዘይት ጨምር፣ ትንሽ ፍታ። እኔ አንዱን ቡሎን በዚህ መንገድ ለማውጣት 40 ደቂቃ ፈጅቶብኛል፣ ግን ሙሉውን ወጥቷል።

ቡሶላው ከተንሸራተተ ዳዶ በይድበት። ቀዳዳው የብየዳ ዘንጉ እንደልብ የሚገባበት ዳዶ ፈልግ። ዚንክ የተቀባ አይሁን፣ ጭሱ መርዝ ነው። ከመበየድህ በፊት የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ንቀል፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ሶኬትም ፍታ፣ የብየዳውን መሬት ደግሞ እዚያው ቴስታታው ላይ ቡሎኑ አጠገብ እሰር። ሻሲ ላይ ካሰርከው ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ያልፋል። ዳዶውን ጭንቅላቱ ላይ አስቀምጠህ ከውስጥ ሙላው። ቀይነቱ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ ከዚያ በቁልፍ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሰው። ዳዶው ቢላቀቅ ተስፋ አትቁረጥ። አንዳንዱ በአራተኛው ዳዶ ነው የሚወጣው። የብየዳው ሙቀት የሚገባው በቀጥታ ቡሎኑ ውስጥ ስለሆነ፣ ለኔ ከሁሉም መንገድ የተሻለው ይሄ ነው።

ብየዳ ማግኘት ካልቻልክ መብሳት ይኖራል፣ ግን አንተ ባሰብከው መንገድ አይደለም። የምትበሳው ጭንቅላቱን ብቻ ነው። ከቡሎኑ ወገብ ትንሽ ሰፋ ባለ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ጭንቅላቱን ብሳው፣ እንደ ቀለበት ተገንጥሎ ይወድቃል። ያኔ ማኒፎልዱ ተጎትቶ ይወጣል። የሚቀርህ ከቴስታታው የወጣ እንደ ማኒፎልዱ ውፍረት የሚረዝም ጉቶ ነው። ቡሎኑን ወጥሮ የያዘው ጭንቅላቱ ስለነበር ውጥረቱም አብሮ ይሄዳል። ጉቶውን ከሥሩ አሙቀው፣ ዘይቱ አሁን በቀጥታ ጥርሱ ላይ ይደርሳል፣ በቫይስ ግሪፕ (ቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ) ጥርቅም አድርገህ ይዘህ አዙረው። ብዙ ጊዜ በሚገርም ቅለት ይወጣል።

ኤክስትራክተሩን ለምን እንደምፈራው ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ልክ እንዳንተ የጫፍ ቡሎን ተቆርጦብኝ መሃሉን በሳሁትና ኤክስትራክተር አስገባሁ። ጠቅ አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። ቡሎኑ ሳይሆን ኤክስትራክተሩ ነበር ውስጥ የተሰበረው። በፑንታ ልበሳው ስል ፑንታው መስታወት ላይ እንዳለ ይንሸራተታል፣ ምክንያቱም ኤክስትራክተር ከፑንታው እኩል የጠነከረ ብረት ነው። ቴስታታው ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየተቃጠለ ነው የወጣው። የመኪናው ባለቤት ሥራ ፈቶ ቆመ። ያንን ቀን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። አስበው፣ ሙሉ ቡሎን ያላነቃነቀውን ዝገት ቡሎኑ ውስጥ የምትከተው ቀጭን ነገር እንዴት ያነቃንቀዋል? በዚያ ላይ ኤክስትራክተሩ ሾጣጣ ስለሆነ ቡሎኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጥረዋል፣ የባሰ ይነክሳል።

ከተቆረጠብህና መበሳት ግድ ከሆነ፣ ጉቶውን በሞረድ ደልድለህ መሃሉን በትክክል ምታ። ማኒፎልዱን መልሰህ ገጥመህ ቀዳዳው ውስጥ ልክ የሚገባ ቡሽ ቶርኖ ቤት ብታሠራ ፑንታህን መሃል ላይ ይጠብቅልሃል። ከ3 ሚሊ ጀምረህ እያሰፋህ ሂድ። ቡሎኑ ላይ 8.8 ወይም 10.9 ከተጻፈ ጠንካራ ነውና የኮባልት ፑንታ ይሁን፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ፣ ዘይት ሳይለየው። ወደ ግራ የሚቆርጥ ፑንታ ካገኘህ እሱን አስቀድም፣ አንዳንዴ እየበሳህ ሳለ ቡሎኑ ራሱ ዞሮ ይወጣል። ወገቡ 8 ሚሊ ለሆነ ባለ 1.25 ጥርስ ቡሎን የመጨረሻው ቀዳዳ 6.8 ሚሊ ነው፣ ወገቡ 10 ሚሊ ለሆነ ባለ 1.5 ደግሞ 8.5። ከዚያ በላይ ካለፍክ የቴስታታውን ጥርስ ትበላለህ፣ ያኔ ሄሊኮይል (የተበላውን ጥርስ የሚተካ የሽቦ ጥርስ) መግጠም ነው። ከመጠን በላይም ጠልቀህ አትብሳ፣ ከጀርባ የውሃ መንገድ ሊኖር ይችላል። የጭሱን ቀዳዳዎችና የተርቦውን አፍ በጨርቅ ድፈን። አንድ የብረት ፍቅፋቂ የተርቦ ክንፍ ለማበላሸት ይበቃል።

ሲገጠም ቡሎኖቹን ሁሉ በአዲስ ቀይር፣ በዚያው ጥንካሬ። ቀዳዳዎቹን በማስኪዮ (በጥርስ ማውጫ) አጽዳ። ማኒፎልዱ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት አስቀምጠህ መጣመሙን እይ፣ ከተጣመመ ሳይላግ ብትገጥመው ይኸው የጫፍ ቡሎን መልሶ ይቆረጣል። ጥርሱን ለከፍተኛ ሙቀት የሚሆን የኒኬል ወይም የመዳብ ቅባት ቀባው። ቅባት ሲኖር ቡሎኑ በቀላሉ ስለሚዞር በደረቁ መጠን ካጠበቅከው ከልኩ በላይ ትወጥረዋለህ፣ ስለዚህ የሞተሩ መመሪያ ለተቀባ ጥርስ የሚሰጠውን ቁጥር ተጠቀም። ከመሃል ጀምረህ ወደ ጫፍ አጥብቅ።

ዛሬ ማታ ምታውና ዘይቱን ስጠው። ነገ ከመንካትህ በፊት የጭንቅላቱን ፎቶ ከጎንና ከፊት አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ፣ ቴስታታው ብረት ይሁን አልሙኒየምም ጻፍልኝ። ዳዶ የሚበየድበት ቦታ መኖሩን አይቼ እነግርሃለሁ።